እርፍ የጨበጠ እጅ ለመሪ ደርሷል?

ጉንደ ወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደጀን ተነስቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ ባለው ገጠር፣ እንደ ቀሪው የጎጃም ደጋ ሁሉ፣ ልጅ ለሥራ መድረሱ የሚታወቀው በዕድሜው ሳይሆን በተሰጠው ሥራ ነው። መጀመሪያ ጥጃ ይጠብቃል። ጥጃውን ከላሟ ሳያገናኝ መዋል ሲችል በግና ፍየል ይጨመርለታል፤ ቀጥሎ ከብት ያግዳል፤ በታኅሣሥና በጥር አውድማ ላይ ከብት ያበራያል። ክንዱ ሲጠና እርፍ ይጨብጣል። «ልጄ እኮ እርፍ ጨበጠ» የሚል አባት ደስታው ከፊቱ ይነበባል።

በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ ብዙ ጥበብ አለ። እያንዳንዱ ሥራ ያልደረሰውን ልጅ በራሱ ይመልሰዋል። የሰባት ዓመት ልጅ ማረስ ቢያምረው ሞፈሩን ማንሳት አይችልም። የቻለው ልጅም ተደናቅፎ እርፉን ቢለቅ ማረሻው ይወድቃል፣ ጥማዱም ጥቂት ተራምዶ ይቆማል። በሬ ይደክማል፣ ድምፅ ይሰማል፣ ከፊቱ ሰው ሲወድቅ ይደነግጣል። ደግሞም የአንድ ጥማድ በሬ ጉልበት አንድ የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው።

ሞተር ይህን ሁሉ አያውቅም። ሰባና ሰማንያ የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር ለመነሳት የሚጠይቀው ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው፤ ቁልፍ ለማዞር ደግሞ የስድስት ዓመት ልጅም ጉልበት ይበቃዋል። የግብርና መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ከተፈቀደና ኩታ ገጠም እርሻ ከተስፋፋ ወዲህ በአማራ ክልል ብዙ ቦታ ትራክተር፣ ኮምባይነር፣ መውቂያ ማሽንና የውሃ ሞተር ከልጆች ሕይወት ጋር ተገናኝተዋል። አሜሪካኖች ዘንድ ክርክሩ ልጆች ተቀምጠው በሚነዱት የግቢ ሣር ማጨጃ ላይ ሲሆን፣ የአገሪቱ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ 16 ዓመት ያልሞላው እንዳይነዳው ይመክራል። እኛ ሣር የምናጭደው በማጭድ ስለሆነ ጥያቄው የሚመጣብን ከዚያ በሚበልጡ ማሽኖች ነው። ልጅ ይንዳ? ያንቀሳቅስ? ነዶ ያጉርስ? የእኔ መልስ አይሆንም ነው። ምክንያቱን ከመውቂያው ልጀምር።

መውቂያ ማሽን ውስጡ ጥርስ ያለው ከበሮ ይዞራል። የከበሮው ስፋት 40 ሴንቲሜትር፣ ዙሩም በደቂቃ 600 ቢሆን ጥርሱ በሰከንድ ከ12 ሜትር በላይ ይጓዛል። ንቁ የሆነ አዋቂ ሰው አደጋ አይቶ እጁን ለማንሳት ቢያንስ የሰከንድ ሩብ ያስፈልገዋል፤ በዚያ ጊዜ ጥርሱ ሦስት ሜትር አልፏል። ልጅ ደግሞ ከአዋቂ ይዘገያል። ነዶ ሲገባ ዝም ብሎ አይገባም፤ ጭዱ እርስ በርሱ ተጠላልፎ የቀረውን ይጎትታል። በእጁ ላይ የተጠመጠመ ነዶ የያዘ ልጅ «ልልቀቀው» ብሎ ሳያስብ እጁ ከነዶው ጋር ሄዷል።

ሕንድ ይህን በብዙ እጅና ክንድ ተምራዋለች። የአረንጓዴው አብዮት የስንዴ ምርት ሲያበዛ የሞተር መውቂያ በየመንደሩ ገባ፤ የሚቆረጠውም ሰው በዛ። በመጨረሻ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1983 አደገኛ ማሽኖችን የሚመለከት ሕግ አወጣች። የደረጃ መሥሪያ ቤቷ የማጉረሻው ቦይ ርዝመት ከ90 ሴንቲሜትር እንዳያንስ፣ ከዚያም 45ቱ ከላይ የተሸፈነ እንዲሆን ወስኗል። ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ሐሳብ ቀላል ነው፦ ቦዩ ከሰው ክንድ ይርዘም። ግን ልኩ የተወሰደው መሬት ላይ ቆሞ ለሚያጎርስ አዋቂ ነው። ልጅ ግን የማጉረሻው አፍ ስለማይደርስለት ድንጋይ ወይም የእህል ከረጢት ላይ ይወጣል፣ ወደ ፊት ይጎነበሳል። ያኔ 90 ሴንቲሜትሩ ምንም አይጠቅምም፤ ቢንሸራተት ቀድሞ የሚገባው ራሱ ነው።

ከትራክተሩ ጀርባ ወጥቶ ለሌላ መሣሪያ ጉልበት የሚሰጠው ዘንግ፣ ባለሙያዎች ፒቲኦ የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ ዘጠኝ ማለት ነው። ሰባት ሴንቲሜትር ውፍረት ካለው፣ የያዘውን ጨርቅ በሰከንድ ሁለት ሜትር ያህል ይጠቀልላል። እስኪ ይህን ከደጋው አለባበስ ጋር አብረን እንየው። ማለዳ ሲበርድ ልጁ ጋቢ ለብሷል፣ እህቱ ነጠላዋን አጣፍታለች። የጋቢው ጫፍ ዘንጉን ከነካ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ጨርቁ አልቆ ተራው የአንገት ይሆናል። ዘንጉ ከሩቅ ሲታይ የቆመ ይመስላል፤ ለስላሳ ነገር ፈጥኖ ሲዞር ዓይን አይለየውም። በፋብሪካ የሚገጠምለት የፕላስቲክ ሽፋን ከተሰበረ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይተካ ይቀራል።

ትራክተር የሚገለበጠው በገደል አፋፍ ብቻ ይመስለናል። ዋልካ ላይም ይገለበጣል። የኋላ ጎማው ጥቁር ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ መዞር ሲያቅተው፣ ነጂው ነዳጅ ሰጥቶ ፍሪሲዮኑን ድንገት ቢለቅ ጉልበቱ የሚሄድበት ያጣል። ጎማው ስለማይዞር የትራክተሩ አካል በጎማው ዙሪያ መዞር ይጀምራል፤ አፍንጫው ወደ ሰማይ ይነሳል። የፊት ጎማዎቹ መሬት ከለቀቁ ሦስት አራተኛ ሰከንድ በኋላ መመለስ አይቻልም፤ በአንድ ሰከንድ ተኩል ነጂው ከሥር ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ አዲስ ትራክተር ሁሉ መገልበጥን የሚቋቋም የብረት ቅስት እንዲኖረው አስገድዳ ብዙ ሕይወት አትርፋለች። ቅስቱ ግን የሚያድነው ቀበቶ ታጥቆ መቀመጫው ላይ ያለውን ሰው ነው። ልጅ መቀመጫው ላይ አይገኝም፤ ፍሪሲዮኑን ለመርገጥ ክብደቱን ሁሉ ይፈልጋልና ከመቀመጫው ተነስቶ ይቆምበታል። አሜሪካን አገር ተመራማሪዎች የልጆችን የሰውነት ልክ ከትራክተር መቆጣጠሪያዎች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ብዙ ልጆች እንኳ ዋና ዋናዎቹን በአግባቡ እንደማይደርሱባቸው አይተዋል።

ጉዳዩ የብልህነት አይደለም። የአሥር ዓመት እረኛ ከሩቅ ጅብ ከውሻ ይለያል፤ ማርሽ አቀያየርም በአንድ ቀን ይማራል። የሚያንሰው ሌላ ነገር ነው። ትኩረትን ለረጅም ሰዓት መያዝ፣ የለመዱትን ድርጊት በመካከል መግታት፣ ሁለት አደጋ በአንድ ጊዜ መመዘን የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሥራ ነው፤ ያ ክፍል ደግሞ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ መብሰሉን አይጨርስም።

በልቤ ይበልጥ የሚከብደኝ ግን የውሃ ሞተሩ ነው፤ ስለማይነዳ ማንም እንደ አደጋ አይቆጥረውም። ሞተሩ ውሃ የሚስብ ይመስላል እንጂ የሚያደርገው በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ማሳሳት ነው፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጪው አየር ክብደት ነው። በባሕር ወለል ይህ ክብደት ውሃን ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ይገፋል። 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ግን የአየሩ ክብደት ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ ጣሪያው ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ በቱቦ የሚባክነው ሲቀነስ በተግባር ከአምስትና ስድስት አይበልጥም። ስለዚህ በመጋቢት የጉድጓዱ ውሃ ሲሸሽ ሞተሩ «እምቢ» ይላል፤ ገበሬውም ሞተሩን ወደ ጉድጓዱ ማውረድ ያምረዋል። በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ የሚሠራ የቤንዚን ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሞላዋል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ከደም ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ቀጭን ነው፣ ቀላል ነው ተብሎ በገመድ የሚወርድ ልጅ ደግሞ ከክብደቱ አንጻር ከአዋቂ የበለጠ አየር ስለሚተነፍስ ቶሎ ይመረዛል። ሊያወጣው የወረደው አባትም እዚያው ይቀራል። ሞተር ከነጭራሹ ጉድጓድ አይግባ። ውሃው ከራቀ መፍትሔው ውሃ ውስጥ ተጠምቆ ከታች የሚገፋ የኤሌክትሪክ ወይም የፀሐይ ፓምፕ ነው፤ መግፋት እንደ መሳብ በአየር ክብደት አይገደብም።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውንም ከአደገኛ ሥራ ያርቃል። ነገር ግን አዋጁ የሚናገረው ስለ ቀጣሪና ተቀጣሪ ነው። አባትና ልጅ ውል የላቸውም። አሜሪካም ተመሳሳይ ክፍተት አለባት፦ ተቀጥሮ የሚሠራ ከ16 በታች ልጅ ከ20 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው ትራክተር አይነዳም፣ በወላጁ እርሻ ላይ ግን አይከለከልም። በዚያች አገር ከእርሻ ጋር በተያያዘ አደጋ በየሦስት ቀኑ ገደማ አንድ ልጅ ይሞታል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ትራክተር ላይ ተሳፍሮ እንኳ እንዳይሄድ ከልክላለች፣ የወላጁም ቢሆን። የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃን ለጤናው አደገኛ በሆነ ሥራ እንዳይሰማራ ሲል ቀጣሪና ወላጅ አልለየም፤ ወደ ቀበሌ የሚወርድ ዝርዝር መመሪያ ቢወጣለት እወዳለሁ።

«ልጁ ካልረዳኝ ማን ይርዳኝ?» የሚል ገበሬ እውነት አለው። ጉልበት ያጠረው ቤት ምክር አይበላም። ሆኖም መውቂያው የገባው ከብት ሲያበራይ ቀናት የሚፈጀውን በሰዓታት ለመጨረስ ነው። ከሥራው ቀድሞ መውጣት ያለበት እጅ የልጁ ነው፤ አዝመራው የሚሰበሰበው ትምህርት ቤት ተከፍቶ ባለበት ወቅት ነውና። ልጁ ማሽን ይጥላ አልልም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ በአባቱ ኪስ ሆኖ፣ ዘይት ሲለካ ይይ፣ ቺንጋው እንዴት እንደሚወጠር ይጠይቅ። ነገ የሚጠግነው እሱ ነው።

ለዚህ አዝመራ የመውቂያ ባለቤት ሲመጣ፣ በኩንታል ስንት እንደሚያስከፍል ከመከራከር በፊት ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ የማጉረሻው ቦይ ክዳን አለው? የሚያጎርሱትስ እነማን ናቸው? ልጆቹ ከአውድማው ወጥተው ከነፋሱ ወዲያ ማዶ ካልተቀመጡ ሞተሩ አይነሳ።