የጉሮሮ ሕመም ወደ ልብ እንዳይወርድ

በሐይቅና በአምባሰል ልጅ ጉሮሮውን ባመመው ጊዜ እንጥሉን የሚያስቈርጡ፥ ወይም ይተወዋል ብለው የሚጠብቁ ወላጆች አሉ። ከዚህ የሚመጣውን ጉዳት ማሳወቅ ይገባል።

በደማችን ውስጥ ከውጭ የገባውን ተሐዋሲ የሚዋጋ፥ ፀረ እንግዳ አካል የሚባል ዘበኛ አለ። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ተሐዋሲ ጉሮሮን ሲይዝ ይህ ዘበኛ ይነሣበታል። ነገር ግን ተሐዋሲው በከፊል የልብን ሥጋ ስለሚመስል፥ በአንዳንድ ልጆች ዘበኛው ይሳሳትና የገዛ ቤቱን ይመታል፤ በመልክ መመሳሰል ንጹሑ በበደለኛው ፈንታ ተይዞ ወደ ችሎት እንደሚቀርብ ያለ ነው። ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ልጁን ያተኵሰዋል፥ መገጣጠሚያውም ያብጣል። እብጠቱ ያልፋል፤ የልብ በሮች ግን ተጐድተው ይቀራሉ። ስሙም ሩማቲክ የልብ በሽታ ነው።

በሩ ፈጽሞ ከተበላሸ የሚያስፈልገው ቀዶ ጥገና ነው። ለዚሁ ሥራ በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፍቷል፤ ነገር ግን መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ፥ ተራ ጠባቂውም ብዙ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ትኵሳት ይዞት ጉሮሮውን ቢያመው፥ 9 ቀን ሳያልፍ በሐይቅ ወይም በውጫሌ ወደሚገኘው ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ በሐኪም የታዘዘ ፔኒሲሊን በሽታውን በመነሻው ይከለክለዋል። አስቀድሞ የያዘውም ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋውን መርፌ፥ የዳነ ቢመስልም፥ አያቋርጥ። እንጥል መቍረጥ ደም ያፈስሳል እንጂ ተሐዋሲውን አያጠፋም።