ለምጽዋ የተጫነው ቦምብና የዓሦቹ ማኅደር

በፖርት ሱዳን አጠገብ፣ ዊንጌት በሚባለው የኮራል አለት ሥር በግራ ጎኑ ተጋድሞ የሚገኘው ኡምብሪያ የተባለው የኢጣልያ መርከብ፣ ከየአገሩ የሚመጡ ጠላቂዎች በዙሪያው ያለውን ሥነ ፍጥረት ሊያደንቁ ሲወርዱበት የኖረ ሥፍራ ቢሆንም፣ በከርሡ የተሸከመው ጭነት የታሰበው ለኛ ነበር። ይኸው መርከብ 360,000 ያህል ቦምብ፣ ሲሚንቶና ሦስት የፊያት አውቶሞቢሎች ይዞ፣ አዲስ አበባን መናገሻ ላደረገው ለፋሺስት ግዛት ብዙውን በምጽዋ ሊያራግፍ ሲገሠግሥ፣ እንግሊዞች አስቁመው ይፈትሹት ጀመር፤ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ግን ካፒቴኑ ሎሬንሶ ሙዬዛን ኢጣልያ ጦርነት ማወጇን በራዲዮ በሰማ ጊዜ፣ ጭነቱ በእንግሊዞች እጅ ከሚወድቅ ባሕር ይዋጠው ብሎ፣ መርከበኞቹን በጀልባ ልምምድ ሰበብ አስወርዶ መርከቡን አሰጠመው። ይህን ያደረገው ለኛ ብሎ ባይሆንም፣ ያ ሁሉ ቦምብ በዱር በገደሉ ይጋደሉ በነበሩት አርበኞቻችን ላይ ሳይዘንብ በመቅረቱ ልቤ ሐሤት ያደርጋል።

በውሃ ተንሳፍፈው የሚዞሩት ረቂቃን የኮራል እጮች፣ የሚዋልል አሸዋ ሥር መስደጃ ስለማይሆናቸው፣ የማይነቃነቅ ጽኑ ነገር ይሻሉ፤ ይህንም ከመርከቡ ብረት አገኙ። የፀሐይ ብርሃን በሚደርስበት ጎኑ ላይ ኮራል በቀለ፣ በጥላው ስፖንጅ ተንሰራፋ፤ የባሕሩ ጅረት የሚያመጣውን ደቃቅ ምግብ የሚለቅሙ ትናንሽ ዓሦች በመስኮቱና በመተላለፊያው ተጠለሉ፤ እነርሱን የሚያድኑ ታላላቆችም ተከተሉ። ኦስትሪያዊው ጠላቂ ሐንስ ሐስ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ወርዶ ካየው ወዲህ የኡምብሪያ ዝና በጠላቂዎች ዘንድ ገኗል። ቦምቦቹ ግን ዛሬም በክፍሎቹ ተደርድረው ይታያሉና፣ ዓይን እንጂ እጅ ሊያርፍባቸው አይገባም።

ይህን ሁሉ ሊያይ የሚሻ ጠላቂ የታመቀ አየር የተሞላ ሲሊንደር በጀርባው ተሸክሞ ይወርዳል። በየ10 ሜትሩ፣ በባሕር ጠለል ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር እኩል የሆነ ግፊት ስለሚጨመርበት፣ ከሚተነፍሰው አየር ናይትሮጅኑ በደሙና በሥጋው ይሟሟል፤ ፈጥኖ ወደ ላይ ቢወጣ፣ ክዳኑ እንደ ተከፈተ የአምቦ ውሃ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሆንና ለከባድ ሕመም ይዳርገዋል። ስለዚህ ትንፋሹን ሳያግድ በዝግታ ይወጣል፤ 5 ሜትር ሲቀረውም ለ3 ደቂቃ ያህል ቆሞ ይጠብቃል።

ከአዲስ አበባው መስቀል ፍላወር ሰፈር ሄዶ ለሚጠልቅ ሰው ደግሞ መውጣቱ ከባሕሩ ገጽ ላይ አያበቃም። ሰፈሩ የሚገኘው ከ2,300 ሜትር በማያንስ ደጋ ላይ ነውና፣ አየሩ ስስ በመሆኑ በሰውነቱ የቀረው ናይትሮጅን ወደ አረፋ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀም ቢያንስ 18 ሰዓት በቆላው ዐርፎ፣ ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ እንዲሳፈር ሊቃውንቱ ያዝዛሉ።