ስለቴና ጸሎቴ

ስደተኛ ሲጸልይ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ራሴን ሰምቻለሁ። ጸሎት ሳይሆን ማመልከቻ ነበር የማቀርበው፤ የመዝገብ ቁጥሬን፣ የቀጠሮዬን ቀን፣ የዳኛውን ጠባይ ሳይቀር። የጋዜጠኝነት ልማድ ሆኖብኝ ይሆናል፣ እግዚአብሔር መረጃ የጎደለው ይመስል ዝርዝሩን አንድም አላስቀርበትም።

በ2009 ዓ.ም. እናቴ ደሴ ላይ ታመመች። የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አልተወሰነም። ወረቀቱ ቢወጣልኝ አገር ቤት መግባት ባልችልም በጉዞ ሰነድ ናይሮቢ ድረስ እሄዳለሁ፣ እሷም ለሕክምና ትመጣለች ብዬ አስቤ፣ «የቁልቢው ገብርኤል፣ ወረቀቴን አውጣልኝ እንጂ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። እናቴ በሚያዝያ አረፈች። ወረቀቱ በመስከረም መጣ።

ከዚያ ወዲያ መጸለይ ተውኩ። ቤተ ክርስቲያን ግን አልቀረሁም፤ ሰው ለማግኘትም ይኬዳላ! አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ አረጋዊ ቄስ ነገሩን አወጣጡኝ። «አባ፣ እንደ ፈቃዱ ከለመንን ይሰማናል ተብሎ የለም ወይ? ልጅ እናቱን ማየቱ ከፈቃዱ ውጭ ነው?» አልኳቸው።

«አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለህ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«የዕለት እንጀራ የምንለምነው ስንተኛው ላይ ነው?»

በጣቴ ቆጠርኩ። ስለ ስሙ፣ ስለ መንግሥቱ፣ ስለ ፈቃዱ፤ እንጀራ አራተኛ ነው። ሠላሳ ዓመት ስደግመው ቅደም ተከተሉን ልብ ብዬው አላውቅም።

«ታዲያ አትለምን ማለት ነው?» ስላቸው ተቆጡ። ጌታ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት ሳያፍር ለመነ፤ ለአባቱ ፈቃድ የተገዛው የልቡን ከተናገረ በኋላ ነው፤ ያንኑም ሦስት ጊዜ ደጋገመው። እኛ ግን «ፈቃድህ ከሆነ» የምትለውን ቃል እንደ ማኅተም መጨረሻው ላይ መትተን እንሄዳለን። ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲነሣለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተነሣለትም። «ያልተሰማህ እምነት ቢጎድልህ ነው» የሚሉ ሰባኪዎቻችን ለጳውሎስ ምን እንደሚሉት እንጃ።

ከሁሉ ውስጤ የቀረው የዳዊት ነገር ነው። ልጁ ታሞ ሳለ ጾመ፣ መሬት ላይ ተኛ። በሰባተኛው ቀን ልጁ ሞተ፤ አገልጋዮቹም ሊያረዱት ፈሩ። እሱ ግን ተነሥቶ ታጠበ፣ ልብሱን ለወጠ፣ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ፣ ከዚያ ምግብ አቅርቡልኝ አለ። «አንተ ገና መሬት ላይ ነህ» አሉኝ አባ።

መልስ ስላጣሁ ወደ ስለቱ ዞርኩ። «ጃንጥላውስ? እናቴን እንደሆነ አላየኋት።»

«የተሳልከው ለእናትህ ነው ለወረቀቱ?»

«ለወረቀቱ።»

«መጣ?»

«መጣ።»

«እንግዲያማ ዕዳ ነው።»

ታኅሣሥ 19ን ቁልቢ በሚያነግሥ ሰው እጅ ላክሁት።

ዛሬም የምለምነው አላጣሁም። እኅቴ ቤይሩት ናት። ማታ ማታ ስሟን እጠራና ከዚያ እንድትወጣልኝ እፈልጋለሁ ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። የመዝገብ ቁጥር አልጠቅስም። ቀጥዬ አቡነ ዘበሰማያት እጀምራለሁ። ሦስተኛው ልመና ላይ ስደርስ አንዳንድ ማታ ቶሎ አልፈዋለሁ፤ አንዳንድ ማታ ደግሞ እዚያው እንደቆምኩ ሻዬ ይቀዘቅዛል።