አዲስ የደም ነቀርሳ መድኃኒት ወደ ሕፃኑ ከመድረሱ በፊት

«ለነቀርሳ አዲስ መድኃኒት ተገኘ» የሚል ዜና አልፎ አልፎ እንሰማለን። ወሬው ክፍል ውስጥ ከገባ፣ አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ታዲያ ከተገኘ ለታመሙት ልጆች ለምን ወዲያው አይሰጣቸውም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መምህሩ «ገና ጥናት ላይ ነው» ብሎ ቢያልፈው ግን መለሰ አያሰኝም። ስለዚህ አንድ መድኃኒት ከላቦራቶሪ ተነሥቶ ሕፃኑ አልጋ ዘንድ እስኪደርስ የሚያልፍባቸውን ፈተናዎች በቅደም ተከተል እንመልከት።

በመጀመሪያ በሽታውን በአጭሩ እናስታውስ። ሉኪሚያ ወይም የደም ነቀርሳ የሚነሣው ደም ከሚሠራበት ከአጥንት መቅኔ ነው። ያልበሰሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ያለ ልክ እየተባዙ የጤናማውን ደም ቦታ ይይዛሉ። በዚህም የተነሣ ሕፃኑ ይገረጣል፣ ይደክማል፣ በቀላሉ ይደማል፣ ትኩሳትም ይመላለስበታል። በልጆች ላይ ከሚደርሱት የነቀርሳ ዓይነቶች ሁሉ በብዛት የሚታየው ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 ዶክተር ሲድኒ ፋርበር በአሜሪካ በቦስተን ከተማ አሚኖፕተሪን የተባለ መድኃኒት ለ16 ሕፃናት ሰጥቶ 10ሩ እንደተሻላቸው አስታወቀ። መሻሉ ግን ለጊዜው ብቻ ነበር። ቢሆንም ሉኪሚያ በመድኃኒት ሊገታ እንደሚችል ታወቀ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው «በሺህ ከሚቈጠሩት ቅመሞች የትኛው ይሻላል?» የሚል ሆነ። ሁሉን በየተራ በሕፃን ላይ መሞከር ደግሞ የማይታሰብ ነው። እንግዲህ የላቦራቶሪ ፈተና ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና በብልቃጥ ውስጥ ይካሄዳል። ከታማሚ ደም የተወሰዱ የሉኪሚያ ሕዋሳት በሰውነት ሙቀት፣ በምግብ ፈሳሽ ውስጥ እንዲባዙ ይደረጋል። ለምሳሌ ሲሲአርኤፍ-ሲኢኤም የሚባለው የሕዋስ ዘር እ.ኤ.አ. በ1964 ከአንዲት ሕፃን ደም የተገኘ ሲሆን ዛሬም በየላቦራቶሪው ይሠራበታል። መድኃኒቱ በተለያየ መጠን በየብልቃጡ ይጨመራል፤ አንዱ ብልቃጥ ግን ለማነጻጸሪያ ያለ መድኃኒት ይቀመጣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ በሕይወት የቀሩት ይቈጠራሉ። ነገር ግን ሕዋስ መግደል ብቻውን ምንም አያስመሰግንም። በረኪናም እኮ ሕዋስ ይገድላል! ቁም ነገሩ ጤናማውን ሳይጨርስ ሕመምተኛውን ሕዋስ ነጥሎ መምታቱ ነው።

ብልቃጥ ጉበት የለውም፣ ኩላሊት የለውም፣ ደምም አይዘዋወርበትም። መድኃኒቱ በሕያው አካል ውስጥ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሁለተኛው ፈተና በአይጥ ላይ ይደረጋል። እዚህ ላይ የቪንክሪስቲን ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከማዳጋስካር የመጣችን አንዲት የአበባ ተክል ሰዎች «ለስኳር በሽታ ፍቱን ናት» እያሉ ቅጠሏን አፍልተው ይጠጡ ነበር። በ1950ዎቹ በካናዳ ሮበርት ኖብልና ባልደረቦቹ ጭማቂዋን በአይጥ ሲፈትኑ ስኳሩ ንቅንቅ አላለም፤ ነጭ የደም ሕዋሳቱ ግን ቀነሱ። በአሜሪካም የኤላይ ሊሊ ኩባንያ ተመራማሪዎች ሉኪሚያ በያዛቸው አይጦች ላይ ሞክረው ዕድሜያቸውን እንዳራዘመ አዩ። ከዚህችው ተክል የወጣው ቪንክሪስቲን እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ ተፈቀደ። ፈተናው ባይኖር ኖሮ ተክሏ የማታድነውን በሽታ ታድናለች ስትባል በኖረች ነበር።

አይጥ ሌላም ትምህርት ሰጥታናለች። እ.ኤ.አ. በ1964 ሃዋርድ ስኪፐርና ባልደረቦቹ አንዲት ሕያው የሉኪሚያ ሕዋስ ብቻዋን ተባዝታ አይጥ ልትገድል እንደምትችል አሳዩ። እንዲሁም አንድ መጠን መድኃኒት የሚገድለው የተወሰነ ቍጥር ሳይሆን ከመቶ የተወሰነውን እጅ መሆኑን ገለጹ። ሒሳቡን በሰሌዳ ላይ እንሥራው፦ 1,000,000 ሕዋሳት ቢኖሩና በአንድ ዙር ከመቶ 99ኙ ቢሞቱ 10,000 ይቀራሉ፤ በሁለተኛው ዙር 100፤ በሦስተኛው 1። ያቺው አንዷ ደግሞ በሽታውን እንደ አዲስ ልታስነሣው ትችላለች። ሕፃኑ ተሽሎት ሲሮጥ እየታየ ሕክምናው ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ የሚቀጥለው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ የአይጥ ሉኪሚያና የሕፃን ሉኪሚያ አንድ አይደሉም። በመሆኑም ዛሬ በሽታ የመከላከል ኃይል የሌላቸው አይጦች ይመረጡና ከታመመ ልጅ የተገኘው የሉኪሚያ ሕዋስ በመርፌ ይሰጣቸዋል። አይጧ ባዕዱን ስለማትዋጋው ሕዋሱ በሰውነቷ ውስጥ ይባዛል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአሜሪካ ብሔራዊ የነቀርሳ ተቋም ለልጆች ነቀርሳ ብቻ ይህን መሰል የፈተና ፕሮግራም ያካሄደ ሲሆን፣ የሉኪሚያው ክፍል በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ ይሠራ ነበር። ከአይጦቹ በየጊዜው ጥቂት ደም ይወሰዳል፤ ከነጭ የደም ሕዋሳቱ ውስጥ የሰው የሆኑት ከመቶ 25 ሲደርሱ በሽታው እንደገፋ ይቈጠራል። መድኃኒት ያገኙት አይጦች እዚያ ለመድረስ ካላገኙት ምን ያህል ዘገዩ? መለኪያው ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ የጉዳት ፈተና ይከተላል። መድኃኒቱ ልብን፣ ጉበትን፣ ኩላሊትንና መቅኔን ምን ያህል እንደሚጎዳ በእንስሳት ይጠናል፤ ለሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ መጠንም ከዚያው ተሰልቶ አነስ ተደርጎ ይወሰናል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ያለፈ መድኃኒት ሕፃኑን ያድናል ማለት ነው? አይደለም። አይጥ አንዳንዱን መድኃኒት ሕፃን ከሚችለው በላይ ትችላለች። በአይጥ ደም ውስጥ የተገኘው መጠን በልጅ ደም ውስጥ ያለ ጉዳት ሊደረስበት ካልቻለ ውጤቱ ከንቱ ነው። ፈተናው «ይህ ያድናል» አይልም፤ «ይህኛው ከዚያኛው ይልቅ ለሙከራ ይገባዋል» ይላል እንጂ። ይህም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ መድኃኒት አስቀድሞ የሚሞከረው የተለመደው ሕክምና አልበቃ ላላቸው ልጆች ነው። እነርሱ ጥቂቶች ናቸው፤ ጊዜያቸውም አጭር ነው። ደካማ መድኃኒት ሲመረጥ የሚባክነው የእነርሱ ጊዜ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ትዕግሥቱ ፍሬ አፍርቷል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዚህ በሽታ ከተያዙት ልጆች ከ10 አንዱ እንኳ መዳኑ ያጠራጥር ነበር፤ ዛሬ በበለጸጉት አገሮች ከ10 ዘጠኙ ያህል ይድናሉ። በአገራችንም ሕክምናው በሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች ቪንክሪስቲን ይሠራበታል። ነገር ግን በሽታው የሚመለስባቸው ልጆች አሁንም አሉ፤ መድኃኒቶቹም ነርቭንና ልብን እስከመጉዳት ይደርሳሉ። ፍለጋው ያልቆመው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ተማሪው ሲጠይቀን እኛም ሦስት ጥያቄ እንመልስለት፦ መድኃኒቱ የተሞከረው በብልቃጥ ነው፣ በአይጥ ነው ወይስ በሰው? ከምን ጋር ተነጻጸረ? የተገኘው መጠን በልጅ ሰውነት ውስጥ ያለ ጉዳት ይደረስበታል? እነዚህን መጠየቅ የለመደ ተማሪ ዜና ሲሰማ በከንቱ አይፈነድቅም፤ ተስፋም አይቈርጥም።