አድማጭ በገንዘብ ይገዛልን?

ሙያ ያለው ሰው ሁሉ ሙያው እንዲታወቅለት ይመኛል፤ ይህም ምኞት የሚነቀፍ አይደለም። ጸሐፊ አንባቢ፥ ዘፋኝም አድማጭ ካላገኘ ድካሙ ፍሬ አላፈራም ማለት ነው። ነገር ግን አድማጭን ፈልጎ ማግኘትና የአድማጭን ቍጥር በገንዘብ መግዛት እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ልዩነት ባለማወቅ የብዙ ወጣት ሙዚቀኞች ገንዘብና ተስፋ በከንቱ ይጠፋል። ነገሩ የሙዚቃ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ቢመስልም፥ ገንዘቡ የሚወጣው ከቤተ ሰብ ኪስ፥ ኀዘኑም የሚያርፈው በቤተ ሰብ ላይ ስለ ሆነ፥ ለአባቶችና ለእናቶች፥ ለታላላቅ ወንድሞችና እኅቶችም የሚያስፈልግ ዕውቀት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ቀድሞ በአውሮፓና በአሜሪካ አንድ ዘፋኝ ዘፈኑን ለሕዝብ ለማድረስ የሸክላ አሳታሚ ኩባንያን ደጅ መጥናት ነበረበት። ቀረጻውንም፥ ማባዛቱንም፥ በራዲዮ ማስነገሩንም የሚያደርገው ኩባንያው ነበር። ዛሬ ግን ማንም ሰው በቤቱ ተቀርጾ፥ እንደ ዲስትሮኪድና እንደ ቲዩንኮር ላሉት አከፋፋዮች ጥቂት ገንዘብ በየዓመቱ ከፍሎ ዘፈኑን ወደ ዓለም ሁሉ ይልካል። ኩባንያ ሳይዘው በራሱ የሚሠራ እንዲህ ያለው ሰው ራሱን የቻለ ሙዚቀኛ ይባላል። ዘፈኖቹ ከሚሰሙባቸው ስፍራዎች አንዱ፥ በ1990ዎቹ ገና ያልታሰበው፥ በ2006 በስዊድን አገር በስቶክሆልም ከተማ ተመሥርቶ በ2008 ለሕዝብ የተከፈተው ስፖቲፋይ ነው፤ በዚህ አንድ ስፍራ ብቻ ከ100 ሚሊዮን የሚበልጡ ዘፈኖች ይገኛሉ። ሉሚኔት የተባለው የሙዚቃ ቍጥር መዝጋቢ ድርጅት እንዳስታወቀው፥ በ2023 በየቀኑ ከ100,000 የሚበልጥ አዲስ ዘፈን ወደ እነዚህ ስፍራዎች ይገባ ነበር፤ ከተመዘገቡትም 184 ሚሊዮን ያህል ዘፈኖች 45.6 ሚሊዮኑ በዚያ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰሙም። በሩ ለሁሉ ተከፈተ፤ አዳራሹ ግን ከመስፋቱ የተነሣ የአንዱ ድምፅ ለሌላው የማይሰማበት ሆነ።

ዝና እናመጣለን የሚሉ ሻጮች የተነሡት በዚህ ምክንያት ነው። አካሄዳቸውም ብዙ ሙዚቀኞች እንደሚናገሩት ተመሳሳይ ነው። ወጣቱ ዘፈኑን ባወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ከማያውቀው ሰው መልእክት ይደርሰዋል። መልእክቱ ዘፈኑን እጅግ ያመሰግናል፤ የዘፈኑን ስም ግን ብዙ ጊዜ አይጠራም። ቀጥሎም ይህን ያህል ዶላር ቢከፈል 10,000 ወይም 50,000 ጊዜ እንደሚሰማ፥ ብዙ ሰው በሚከተለው የዘፈን ዝርዝር ውስጥም እንደሚገባ ተስፋ ይሰጣል። ወጣቱ ለወራት ደክሞ ያወጣው ዘፈን በወንድሞቹና በጓደኞቹ ብቻ መሰማቱ አሳዝኖት ሳለ እንዲህ ያለውን ቃል ቢያምን አይፈረድበትም።

ገንዘቡ በተከፈለ በማግስቱ ቍጥሩ በእውነት ይወጣል። ነገር ግን የሚሰማው ሰው አይደለም። አንድ ዘፈን እንደ ተሰማ የሚቈጠረው ለ30 ሰከንድ ሲጫወት ነው፤ ስለዚህ ቦት የሚባሉት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በብዙ የሐሰት ስም ገብተው ዘፈኑን ከ30 ሰከንድ ጥቂት አሳልፈው እያጫወቱ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። የፈረንሳይ ብሔራዊ የሙዚቃ ማእከል በ2023 ባወጣው ጥናት፥ በ2021 በፈረንሳይ አገር ከተቈጠረው ማድመጥ ሁሉ ከመቶ ከ1 እስከ 3 የሚሆነው ሐሰተኛ መሆኑን ገልጧል፤ ይህም ከ1 ቢሊዮን እስከ 3 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ነው። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ነዋሪ የሆነ አንድ ሰው፥ በሰው ሠራሽ አእምሮ የተዘጋጁ እጅግ ብዙ ዘፈኖችን በቦት እያስደመጠ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወስዷል ተብሎ ተከሷል። ለሙዚቀኞች የሚከፈለው ገንዘብ ከአንድ ሣጥን የሚከፋፈል ስለ ሆነ፥ በሐሰት የተወሰደው ከእውነተኛው ዘፋኝ ድርሻ የተነሣ ነው።

ዝናውን የገዛው ወጣት ግን ጥቂት ቈይቶ አንድ ነገር ያስተውላል። ቍጥሩ 10,000 ሲደርስ የሚጽፍለት ሰው የለም፤ ዘፈኑን ለራሱ ያስቀመጠ፥ ሁለተኛውን ዘፈን የጠየቀም የለም። አዝማሪ በጠጅ ቤት ሲዘፍን የሚሰማውን ሰው ፊት ያያል፤ ደስ ያለውንም ያልወደደውንም ወዲያው ያውቃል። ይህ ወጣት ግን አድማጮቹን ቢፈልጋቸው አያገኛቸውም፤ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው ነው። የተከፈለበት ጊዜ ሲያልቅም ቍጥሩ በአንድ ቀን ይወድቃል።

ጉዳቱ በዚህ ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ ሁለት ደንቦች አወጣ። አንደኛው፥ አንድ ዘፈን በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 1,000 ጊዜ ካልተሰማ ከቀረጻው ክፍያ ድርሻ እንዳያገኝ የሚያደርግ ነው። ሁለተኛው፥ አብዛኛው ማድመጥ ሐሰተኛ ሆኖ በተገኘበት ዘፈን ሁሉ አከፋፋዩ 10 ዩሮ ያህል መቀጫ እንዲከፍል የሚያዝዝ ነው፤ አከፋፋዮችም መቀጫውን ወደ ሙዚቀኛው ያስተላልፋሉ፥ ወይም ዘፈኑን ከገበያ ያወርዱታል። የመጀመሪያው ደንብ 1,000 ያልደረሰውን ወጣት ቍጥር እንዲገዛ ይገፋዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ በገዛው ቍጥር ይቀጣዋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው፥ አንዳንድ ሙዚቀኞች ምንም ሳይገዙ ዘፈናቸው በማያውቁት ሐሰተኛ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ መገኘቱንና እንደ አታላይ ተቈጥረው ሥራቸው መውረዱን መናገራቸው ነው።

ነገሩን በሒሳብ ብንመረምረውም ኪሳራው ይገለጣል። አንድ ጊዜ ለመሰማት የሚከፈለው ገንዘብ የተወሰነ ባይሆንም፥ ብዙዎች የሚገምቱት ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ሲሶ እስከ እኩሌታ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው 200 ዶላር ከፍሎ 10,000 ጊዜ ቢሰማለት፥ ማድመጡ ሁሉ እውነተኛ ቢሆን እንኳ የሚመለስለት ከ30 እስከ 50 ዶላር ነው። ትርፉ ሊገኝ የሚችለው ከሰሙት ሰዎች ጥቂቶቹ ወዳጅ ሆነው ሲቀሩ ብቻ ነው፤ ቦት ደግሞ ወዳጅ አይሆንም።

ለመሰማት መክፈል ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በአሜሪካ አገር የራዲዮ አቅራቢዎች ሸክላ ለማጫወት በስውር ገንዘብ ይቀበሉ ነበር፤ ይህም ፔዮላ ይባል ነበር። በ1959 መጨረሻ የምክር ቤቱ ኮሚቴ ምርመራ ጀመረ፤ በ1960 በወጣው ሕግም ክፍያውን ለአድማጭ ሳያስታውቅ የተቀበለ ሰው እስከ 10,000 ዶላር መቀጫና እስከ አንድ ዓመት እስራት እንዲቀጣ ተወሰነ። በዘመኑ እጅግ ስመ ጥር የነበረው የራዲዮ ሰው አለን ፍሪድ ሥራውን አጣ፤ በ1962 ጥፋቱን አምኖ 300 ዶላር ተቀጣ፤ በ1965ም ሞተ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ በ2005 ሶኒ ቢኤምጂ የተባለው ኩባንያ ከኒው ዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጋር በዚሁ ዐይነት ክስ ተስማምቶ 10 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ሕጉ የከለከለው መክፈልን ሳይሆን መደበቅን መሆኑ ሊስተዋል ይገባዋል።

በዚህ መሠረት ስናየው፥ የሚከፈልበት አገልግሎት ሁሉ ማታለያ ነው ማለት አይቻልም። በ2015 የተጀመረው ሰብሚትሀብና በ2018 በፓሪስ የተመሠረተው ግሩቨር ከሙዚቀኛው ጥቂት ዶላር ወይም ዩሮ ተቀብለው ዘፈኑን ለዝርዝር አዘጋጆችና ለሙዚቃ ጸሐፊዎች ያቀርባሉ። እነርሱ የሚሸጡት የሚያዳምጥና መልስ የሚሰጥ ሰውን ጊዜ ነው፤ ዘፈኑ ተቀባይነት እንዲያገኝ ዋስትና አይሰጡም። ግሩቨር በ7 ቀን ውስጥ መልስ ካልመጣ ክፍያውን ይመልሳል። ከተጠቀሙባቸው ሙዚቀኞች አንዳንዶቹ ጥሩ ምክርና እውነተኛ አድማጭ ማግኘታቸውን ይመሰክራሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ሃያ ጊዜ ከፍለው ሃያ አጭር እምቢታ መቀበል ልብ እንደሚሰብር ይናገራሉ። ሁለቱም እውነት ነው። እምቢታ ቢመርም ከሰው የመጣ መልስ ስለ ሆነ ያስተምራል።

እንግዲህ ልጁ ወይም ወንድሙ በዚህ ሙያ የሚደክምለት ሰው እነዚህን ነገሮች ቢያስብ ይጠቀማል። መጀመሪያ፥ የማድመጥ ቍጥር ወይም በዝርዝር ውስጥ መግባትን በዋስትና የሚሸጥ ሁሉ ሊታመን አይገባውም፤ ስፖቲፋይ ራሱ ይህን አጥብቆ ያስጠነቅቃል። ሁለተኛ፥ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ነጻውን በር ማንኳኳት ይገባል፤ ዘፈኑ ከመውጣቱ ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ ለስፖቲፋይ አዘጋጆች ያለ አንዳች ክፍያ ማቅረብ ይቻላል። ሦስተኛ፥ ለማስታወቂያ የሚወጣው ገንዘብ ቢጠፋ ቤትን የማይጐዳ፥ አስቀድሞ የተወሰነ ይሁን፤ የቤት ኪራይና የትምህርት ገንዘብ አይነካ። አራተኛ፥ አድማጮቹ ከየት ከተማ እንደ መጡ በየጊዜው መመልከት ያስፈልጋል፤ ዘፋኙን ማንም ከማያውቅበት ከተማ በአንድ ሌሊት ሺህ ሰው ቢመጣ ሳይውል ሳያድር ለአከፋፋዩ በጽሑፍ ማስታወቅ ይገባል። ይህ ጽሑፍ በኋላ ምስክር ይሆናል።

በመጨረሻም ለቤተ ሰብ የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ወጣቱን ወደ ሐሰተኛው ገበያ የሚገፋው የራሱ ምኞት ብቻ አይደለም፤ ዘመዶቹ በተገናኙት ቍጥር «ስንት ሰው ሰማልህ?» እያሉ መጠየቃቸውም ጭምር ነው። ከዚህ ይልቅ «ማን ሰማህ? ምንስ አለህ?» ብለው ቢጠይቁት፥ አርባ ሰው ሰምቶት ሦስቱ ደግመው እንደ ጠየቁት ሳያፍር ይናገራል። እነዚያ ሦስቱ በገንዘብ ያልተገዙ ናቸውና፥ ሁለተኛውን ዘፈን ሲያወጣ ከሌሎች ሦስት ጋር ተመልሰው ይመጣሉ።