ከተማ የሚዞር ሐዲድ

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው በፓሪስ ከተማ ዙሪያ ተዘርግቶ መንገደኛና ዕቃ ሲያመላልስ ኖሮ በኋላ ስለተረሳ አንድ የባቡር መንገድ ነው። ፈረንሳዮች «ፕቲት ሴንቲዩር» ይሉታል፤ ትርጓሜውም «ትንሹ መቀነት» ማለት ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወደ ፓሪስ የሚገቡት ባቡሮች የልዩ ልዩ ኩባንያዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ኩባንያ በየራሱ ጣቢያ ይቆም ስለነበር፣ ከሰሜን መጥቶ ወደ ደቡብ የሚያልፍ ዕቃ ከፉርጎ ወርዶ በፈረስ ጋሪ ከተማውን ማቋረጥ ነበረበት። ይህን ድካም ለማስቀረት፣ ደግሞም የከተማውን ቅጥር ለሚጠብቀው ጦር ስንቅ ለማድረስ፣ ጣቢያዎቹን የሚያገናኝ ሐዲድ ከቅጥሩ በስተውስጥ ተዘረጋ። በ1852 የመጀመሪያው ክፍል ለዕቃ፣ በ1862 ደግሞ ለመንገደኛ ተከፈተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም 32 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ቀለበት ተጋጠመ። ወደ ቄራ የሚሄደው ከብት በዚሁ ይጫን ነበር፤ ታላቁ የዓለም ኤግዚቢሽን በተደረገበት በ1900 ደግሞ 39 ሚሊዮን ያህል መንገደኛ ተሳፍሮበታል።

ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የምድር ውስጥ ባቡር፣ ማለት ሜትሮ፣ ሥራ ጀመረ። ሜትሮው በኤሌክትሪክ እየሄደ የከተማውን እምብርት ሲያቋርጥ፣ ቀለበቱ በእንፋሎት ዳር ዳሩን ይዞር ነበር። ሕዝቡም ወደ ፈጣኑ አደላ። በ1934፣ ከምዕራቡ ክፍል በቀር፣ መንገደኛ መጫኑ ቀርቶ አውቶቡስ ተተካ፤ የዕቃውም ሥራ እየሳሳ ሄዶ በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ገደማ አከተመ። ዛሬ በዛገው ሐዲድ መካከል ሣር በቅሎበታል፤ አንዳንዱም ክፍል የእግረኛ መናፈሻ ሆኗል። በ2006 በከተማው ደቡብ ትራም ሲዘረጋ፣ አሮጌው መንገድ ቅርብ ሆኖ ሳለ፣ በአጠገቡ ባለው አውራ ጎዳና ላይ አዲስ ሐዲድ ተነጠፈ።

የሞስኮ ዕድል ግን ሌላ ሆነ። እርሷም በ1908 የተከፈተ 54 ኪሎ ሜትር ቀለበት ነበራት፤ የሚያስደንቀውም በዚያው በ1934 መንገደኛ መጫን ማቆሙ ነው። ዕቃው ግን አልቆመምና ሐዲዱ ከሥራ አልወጣም። በመጀመሪያ ዳር የነበረውንም መንገድ ከተማይቱ አድጋ አልፋው ሄደች። በ2016 በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ባቡሮች ገቡበት፤ 31 ጣቢያዎች ተሠሩለት፤ መንገደኛውም በአንድ ቲኬት ከቀለበቱ ወደ ሜትሮ እንዲሸጋገር ተደረገ። ዕቃ ጫኙም ባቡር መንገዱን አልለቀቀም።

የፓሪስን ነገር የሰማ ሰው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይል ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ ብለን አንፈርድም፤ ሜትሮው ስሕተት አልነበረም፤ በ1934 የነበረው ሹም የቆጠረውም የዚያን ቀን ተሳፋሪ ነው። የጎደለው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው አሮጌውን ከአዲሱ ማገናኘት፣ ሁለተኛው ከተማው ነገ የት እንደሚደርስ ማሰብ። ባቡር ቢያረጅ በሌላ ይተካል፤ በሕዝብ ቤት መካከል አንድ ጊዜ የተከፈተ መንገድ ግን ቢታጠር እንደገና የሚገኘው ቤት ፈርሶ ነው።

ስለዚህ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ በካርታ ፊት የምንቀመጥ ወጣቶች «አያስፈልግም» የሚል ወረቀት ለፊርማ ሲቀርብልን፣ ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት «ለዛሬ ነው ወይስ ለዘለዓለም?» ብለን ብንጠይቅ መልካም ነው።