ባልም እኮ መዳበስ ይወዳል

ዱርቤቴ ላይ፣ ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ሁለት ወንድ ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ባልና ሚስት ግን ከገበያ ሲመለሱ ብዙውን ጊዜ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ናቸው። የአደባባዩ ወግ ለአደባባይ ይሁን። የሚያሳስበኝ በሩ ከተዘጋ በኋላም ያው ርቀት ሲቀጥል ነው።

ባልና ሚስት የሚነካኩት መኝታ ላይ ብቻ ከሆነ ንክኪ ሁሉ ጥያቄ ይመስላል። ትከሻውን ስትነካው «ምን ፈልጋ ነው?» ይላል፤ እጇን ሲይዛት እሷም ወደ ምን እንደሚሄድ ታውቃለችና ትሸሻለች። ስለዚህ ፍቅርን በእጅ መግለጽ የምትፈልግ ሚስት ብትጀምር የሚሻለው ምንም ከማይጠየቅበት ሰዓት ነው፤ ቡና ሲፈላ ጎኑ ተቀምጣ እጇን ክንዱ ላይ ማሳረፍ፣ ሲወጣ ጀርባውን ዳበስ ማድረግ፣ ማታ ትከሻውን ማሸት።

ቆዳችን እንዲህ ያለውን ለስላሳ ንክኪ ለይቶ ያውቃል። ክንድና ጀርባን በመሰለው ጠጉር በሚያበቅለው ቆዳ ውስጥ ዝግ ያለ ዳበሳን የሚቀበሉ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ እነዚህ ነርቮች ይበልጥ የሚነቁት እጅ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሲጓዝ ነው፤ ሰዎቹም ደስ አለን ያሉት በዚያው ፍጥነት ነው። ከክርን እስከ አንጓ 5 ሰከንድ ያህል መውሰድ ማለት ነው። መቸኮል አያስፈልግም።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጁሊያን ሆልት-ለንስታድና ባልደረቦቿ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 34 ጥንዶች ተሳትፈዋል። ከፊሎቹ ለ4 ሳምንታት አንገት፣ ትከሻና እጅ በፍቅር መዳበስን ተለማመዱ። የእነዚህ ባሎች የላይኛው የደም ግፊት ካልተለማመዱት ባሎች ዝቅ ብሎ ተገኘ።

በእኛ አገር ከእርሻ የገባን ባል እግር ማጠብ የቆየ ልማድ ነው። ሞቅ ያለ ውኃ፣ የደከመ እግር፣ የሚያሽ እጅ፦ ለመቀራረብ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ግን እሷም ስታርም፣ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም ውላለች። አጣቢዋ ሁልጊዜ እሷ ብቻ ስትሆን ፍቅሩ ግዴታ ይሆንባታል፤ በተራው እግሯን የሚያጥብ ባል ግን ያንኑ ልማድ የሁለት ሰው ያደርገዋል። ይህን የማያደርግበት አንድም በቂ ምክንያት አይታየኝም።

ጾም ሲገባ የሚለያዩ ጥንዶችም ልብ ይበሉ፤ መኝታ ቢለይም የታመመ ጀርባ ማሸት፣ እጅ መያዝ የእህትና የወንድም ያህል ንጹሕ ሊሆን ይችላል።

መዳበስ ግን ቂምን አይሽርም። የተጣሉበት ጉዳይ ካለ ቀድሞ ይነገር። እጁን ለዱላ የሚያነሣ ባል ያላት ሴት ደግሞ የሚያስፈልጋት ይህ ምክር ሳይሆን ከለላ ነው።

ብዙ ወንድ ታናሹ ከተወለደ ወዲህ የሚዳብሰው ሰው ሳይኖረው ያደገ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰውነቱ ቢከብድ፣ «ተይ እስቲ» ቢል መጥላቱ ላይሆን ይችላል። ሚስቱ እጇን ታንሣ፣ ሌላ ቀን ትሞክር። «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ብላ ብትጠይቀው ደግሞ፣ ሲያርስ የዋለ ሰው ወገቡን ለማሳየት አይቸገርም።